ቤት ስታፈርሱ፦ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ነዋሪዎች የቀረበ ማሳሰቢያ

ቤት ሲሠራ ሰው ይመረጣል። ግንበኛው የማንን ቤት ገንብቷል፣ አናጢው እጁ እንዴት ነው፣ መሠረቱ ምን ያህል ይውረድ ተብሎ ይጠየቃል፣ ይመከራል። ቤት ሲፈርስ ግን «ጉልበት ያለው ይምጣ» ይባላል። ጎረምሳው ዲጅኖውን ይዞ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ልጆች ሚስማር ለመልቀም ግድግዳው ሥር ይሰበሰባሉ፣ ባለቤቱ ቆርቆሮው እንዳይቀደድበት ከታች ሆኖ ይጣራል። የቆመ ቤት አንዱ አካሉ ሌላውን ደግፎ የቆመ ነገር ነው። የትኛው የትኛውን እንደያዘ የማያውቅ ሰው አንዱን ሲነቅል ሌላው በላዩ ላይ ይመጣበታል። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው። ማፍረስ የግንበኛና የአናጢ ሙያ ነው፤ ለመሥራት የሚቀጠረው ሰው ለማፍረስም ይቀጠር።

ስለ ማፍረስ ሲነሣ ብዙ ሰው ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በኮሪደር ልማት የፈረሱትን የፒያሳንና የካዛንቺስን ሰፈሮች ያስባል። በእኛም አገር የሚፈርሰው ጥቂት አይደለም። በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ የመንገድ ዳር የጭቃ ቤቶች ለብሎኬትና ለአርማታ ቦታ እየለቀቁ ነው። በገጠሩ በጭቃ የተገነባው የድንጋይ ቤት ያረጃል፣ ሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ይተካል። አጥቢያውም አሮጌውን ቤተ ክርስቲያን አንሥቶ ሰፊ ሊሠራ ይነሣል። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ጋይንት ደርሶ ስለነበር ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ተጎድተው የቆሙ ቤቶችም አሉ። እያንዳንዱ የራሱ አፈራረስ አለው።

አፍራሹን እንደ ሠሪው ምረጡ። ቤቱን የሠራው ግንበኛ በሕይወት ካለ እሱን ጥሩት፤ ድንጋዩን እንዴት እንዳሰረው፣ ወራጁን ምን ላይ እንዳሳረፈው የሚያውቀው እሱ ነው። ከሌለ እንዲያ ያለ ቤት የሚሠራ ሌላ ሰው ፈልጉ። ሥራው አንድ አዛዥ ይኑረው፤ «ውረዱ» ሲል ሁሉም የሚወርድለት ሰው። ባለቤቱ ራሱ አዛዥ ባይሆን ይመረጣል፤ ዓይኑ ቆርቆሮው ላይ ነውና። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣው የግንባታ ደህንነት ስምምነት ቁጥር 167 ስለ ማፍረስ ለብቻው አንቀጽ አለው። አንቀጹ አደጋ ሊያመጣ የሚችል የማፍረስ ሥራ አስቀድሞ ታቅዶ፣ ብቃት ባለው ሰው ተቆጣጣሪነት ብቻ ይሠራ ይላል። ግንበኛ መቅጠር ገንዘብ ያስወጣል፤ ነገር ግን አንድ የተሰበረ ወገብ የሚያስከትለው ወጪ በዕድሜ ልክ አያልቅም።

በከተማ ከሆናችሁ ሳትጠይቁ አትጀምሩ። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለዚህ ሥራ «የሕንፃ ሹም» የሚባል ኃላፊ አቁሟል። አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ይከፍላል። ለሕዝብ መገልገያ የሚሆኑትን፣ ከፍታቸውም ከ12 ሜትር የሚያልፉትን ያስቀመጠው በከፍተኛው፣ በምድብ «ሐ» ነው። ስለዚህ አሮጌ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ሲፈርስ «አንድ ፎቅ እንኳ የለውም» ብሎ እንደ ጎጆ ማየት አይገባም፤ መሐንዲስ ይየው። ቤቱ የሚፈርሰው ለመንገድ ወይም ለሌላ የሕዝብ ጥቅም ከሆነ ደግሞ ካሳ በሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ንብረቱ አስቀድሞ ተለክቶና ተመዝግቦ መያዙን አረጋግጡ። ከፈረሰ በኋላ የግድግዳውን ቁመት የሚመሰክር የለም።

አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ አንድ ድንጋይ ከማንሣታችሁ በፊት ውስጡን እዩ። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ምስክሩ እዚሁ ጋይንት ውስጥ ነው። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔም ማርያም ከውጭ ለሚያያት ሰው እንደ ብዙዎቹ የአገራችን አጥቢያዎች ክብ፣ ትልቅ ሣር ክዳን ያላት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በ1955 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ወደዚያ ሄዶ ሲገባ፣ በክቡ ክዳን ውስጥ አራት ማዕዘን የሆነ፣ በድንጋይና በእንጨት በአክሱም ዘመን አሠራር የተገነባ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አየ። ካህናቱና የአካባቢው ሰው ሁልጊዜም ሲያገለግሉባት የኖሩባት ናት፤ የውጭው ዓለም ግን እስከዚያ ድረስ አያውቃትም ነበር። አንድ ሰበካ ጉባኤ ከዚያ በፊት «ክዳኑ አርጅቷል፣ አፍርሰን በቆርቆሮ እንሥራ» ብሎ ቢቸኩል ምን ይጠፋ እንደነበር አስቡት።

ስለዚህ ቄሰ ገበዙና ሰበካ ጉባኤው ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሆነን ነገር ያለ ፈቃድ መንካትን አይፈቅድም። ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ እናንተ የምትችሉት ብዙ ነው። ሕንፃውን ከአራቱም አቅጣጫ፣ ከውስጥም ከውጭም በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች ብዙ ጊዜ በሸራ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው፤ በቢላ ለመላጥ አትሞክሩ። በጣሪያው ሥር፣ በግድግዳ ስንጥቅና በዕቃ ቤቱ ያለው የብራና ቅጠል አንድ እንኳ ቢሆን ተሰብስቦ ይቀመጥ። ታቦቱና ንዋየ ቅድሳቱ በካህናት እጅ ወጥተው ማረፊያ ካገኙ በኋላ እንጂ ጎን ለጎን ሥራ አይጀመር። ድንጋዩንም መቃብር ላይ አትከምሩ፤ የቆየ መቃብር ሸክም ሲበዛበት ይሰምጣል፣ ሠራተኛም ይዞ ይገባል።

መብራቱን ራሳችሁ አትቁረጡ። ቆጣሪ ያለበት ቤት ከሆነ መሥመሩን ከፖሉ ላይ እንዲያላቅቅ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አስቀድማችሁ አመልክቱ፤ በ905 መደወል ይቻላል። ቆጣሪውን መዝጋት ብቻውን አያድንም፤ ከፖሉ እስከ ቆጣሪው ያለው ሽቦ ኤሌክትሪክ እንደያዘ ነው፤ እርጥብ ቆርቆሮ ሲነካው ቆርቆሮውን የያዘው ሰው ይሞታል። ከጎረቤት በተጠለፈ መሥመር የሚበራ ቤት ከሆነ ደግሞ አደጋው የባሰ ነው፤ ማን ከማን እንደጠለፈ ተጠያየቁ። የውኃውንም ቧንቧ ከዋናው አስዘጉ።

ከላይ ወደ ታች አፍርሱ፤ መጨረሻ የተሠራው መጀመሪያ ይነሣ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሥራ ላይ ሲደረስ ግን ይረሳል።

በጭቃ ቤት ልጀምር፣ ሰው የሚንቀው እሱን ነውና። የባሕር ዛፍ ቋሚ ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ መሬት የሚገባበት ቦታ ላይ ግን ውኃና ምስጥ በልተውት ብዙ ጊዜ የቀረው ቅርፊቱ ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት በቆየ ጭቃ ቤት ግድግዳው ጣሪያውን ከመሸከሙ በላይ ጣሪያው ግድግዳውን ይዞ ያቆመዋል። ቆርቆሮው፣ ሞራሌውና ወራጁ በተነሣ ማግስት ከነምርጉ አንድ ላይ የተያያዘው ግድግዳ እንደ ሳንቃ ዘፍ ይላል። ስለዚህ ጣሪያውን ከመንካታችሁ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ከውስጥም ከውጭም በአጋዳሚ እንጨት ደግፉ። ከዚያ ቆርቆሮው፣ ከዚያ ሞራሌው፣ ከዚያ ወራጁ ይውረድ። ከዚያም ምርጉን ከላይ እየፈለፈላችሁ አራግፉት፤ ክብደቱ እሱ ነው። ማገሩ ይከተል፣ ቋሚው በመጨረሻ። «ገመድ አስረን እንጎትተው» የሚል ምክር ሲመጣ፣ የገመዱ ርዝመት ከግድግዳው ቁመት ሁለት እጥፍ ካልሆነ አትስሙ።

ቆርቆሮ ሲነሣ የሚረገጠው ሞራሌው እንጂ ቆርቆሮው አይደለም። የጋይንትን ደጋ ነፋስ ለምታውቁት መንገር አያሻም፤ ሥራው ነፋሱ ሳይነሣ በጠዋት ይሁን። ሁለት ሰው ላይ ሁለት ሰው ታች ሆኖ ቆርቆሮውን በገመድ አውርዱት። ከላይ የተወረወረ ቆርቆሮ አየር ላይ አቅጣጫ ይቀይራል፣ ጠርዙም ይቆርጣል።

ክብ የሣር ቤት ሲሆን ሣሩን ከአንድ ወገን ብቻ አትግፈፉ። ወራጆቹ ሁሉ ጫፋቸው ምሰሶው ላይ ተገናኝቶ ዙሪያውን ተመጣጥነው የቆሙ ናቸው፤ ግማሹ ሲቀል ሌላው ግማሽ ምሰሶውን ይዞ ይዘማል። ዙሪያውን እኩል እኩል ግፈፉ። ምሰሶው በገመድ ከሦስት ወገን ከተያዘ በኋላ ይነቀል። በጭስና በጥቀርሻ የደረቀ ሣር እዚያው ቦታው ላይ እያለ እሳት አይለቀቅበት፤ ነፋስ ያለበት አገር ነው፣ የጎረቤት ክምርም ቅርብ ነው።

አሁን ወደ ድንጋዩ ቤት። በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ ሁለት ፊት አለው፤ የውስጡና የውጭው ለየብቻ ተገንብተው መሐሉ በጥጥርና በጭቃ ተሞልቷል። ሁለቱን ፊት አገናኝቶ የሚይዘው ከዳር እስከ ዳር የሚያልፈው ማሰሪያ ድንጋይ ነው። ጥሩ ግንበኛ በየተወሰነ ርቀት ያስገባዋል፤ የቸኮለው ይዘለዋል። ዝናብ ሲገባበት ጭቃው ይቀልጣል፣ መሐሉ ወደ ታች ይወርዳል፣ አንዱ ፊት ሆዱ ይወጣል። ሆዱ የወጣ ግድግዳ ስታዩ ቆሙ። ከአናቱ ቱንቢ ጣሉ፤ ዝንባሌው ከግድግዳው ውፍረት ሲሶ ከደረሰ፣ ማለትም ስልሳ ሳንቲ ውፍረት ባለው ግድግዳ ላይ ሃያ ሳንቲ ከደረሰ፣ ማንም ሰው ከሥሩ አይቁም፤ በድጋፍ ይያዝ ወይም ከርቀት ይጣል። የዚህ ዓይነት ግድግዳ አንድ ካሬ ሜትሩ ብቻ ወደ 12 ኩንታል ይመዝናል። ሰው በትከሻው የሚመልሰው አይደለም።

ግድግዳውን ከሥሩ አትቦርቡሩ። ፈጣን ይመስላል፤ ድንጋይ ከሥር ሲነቀል ግን ወዴት እንደሚወድቅ የሚወስነው ሠራተኛው መሆኑ ያበቃል። ትክክለኛው አፈራረስ ከአናቱ በረድፍ በረድፍ እያነሡ ዙሪያውን እኩል ዝቅ ማድረግ ነው። አንዱ ግድግዳ ከሌላው ከግማሽ ሜትር በላይ አይብለጥ። ማዕዘኖቹ ሁለት ግድግዳ አስረው ስለሚይዙ መጨረሻ ይነኩ። ግድግዳው ላይ ፈረስ እንደ ተቀመጠ ሰው እግርን አንፈራጥጦ መሥራት የተለመደ ነው፤ ይቅር፤ ራሱን በቻለ መቆሚያ ላይ ሆናችሁ ሥሩ። ሌላው ሰው ሁሉ ከግድግዳው ቁመት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይራቅ። ከሁሉም የሚያስፈራው ሦስት ማዕዘን ሆኖ ወደ ጣሪያው የሚወጣው የዳር ግድግዳ ነው። ጣሪያው ሲነሣለት ከፊቱም ከኋላውም የሚይዘው የለም። እሱን ጣሪያው በተነሣበት ቀን ዝቅ አድርጉት፤ ለነገ አይደር።

ስለ ነገ ማደር ከተነሣ የፊላደልፊያን ነገር ልንገራችሁ። በዚያ የአሜሪካ ከተማ ግንቦት 28 ቀን 2005 ዓ.ም. በመፍረስ ላይ የነበረ የጡብ ሕንፃ ግድግዳ ከጎኑ ባለ፣ ሰው በሚገበያይበት ሱቅ ላይ ወደቀ። ስድስት ሰው በዕለቱ ሞተ፤ ከፍርስራሹ ከወጡት አንዱም ከሳምንታት በኋላ ሞተ። ምክንያቱ ሲመረመር ተቋራጩ የሚሸጥ ስለሆነ የወለሉን እንጨት አስቀድሞ አውጥቶት ነበር። ግድግዳውን ከጎን ይዞ ያቆመው ያ እንጨት ነው። ተቋራጩና የማሽኑ ኦፕሬተር ታሰሩ። ይህን የምጽፈው በእኛ አገር የሚደረገውም ይኸው ስለሆነ ነው። ዋጋ ያለው ቆርቆሮው፣ ወራጁ፣ በርና መስኮቱ ነው፤ እሱ በአንድ ቀን ተነቅሎ ይሸጣል ወይም ወደ አዲሱ ቤት ይሄዳል። ራቁቱን የቀረው ግድግዳ ለሳምንታት ይቆማል። ፍየል ይጠለልበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። እንጨቱን ያነሣችሁበትን ሳምንት ግድግዳውንም አንሡ። የበርና የመስኮት መቃንም ከላዩ ያለው ድንጋይ ሳይወርድ አይነቀል።

አርማታ ያለበትን ቤት በደቦ አታፍርሱ። በከተሞቻችን አሁን ፎቅ እየበዛ ስለሆነ ይህን ከወዲሁ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ካሬ ሜትር፣ ዐሥራ አምስት ሳንቲ ውፍረት ያለው ሶሌታ ወደ 4 ኩንታል ይመዝናል። የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚሠራው ከራሱ ክብደት ሌላ በካሬ ሜትር 2 ኩንታል ያህል እንዲሸከም ታስቦ ነው። ከላይ ያፈረሳችሁትን ፍርስራሽ ወለሉ ላይ ሃያ ሳንቲ ከከመራችሁ በዚያ ካሬ ላይ 3 ኩንታል ያህል ጭናችኋል ማለት ነው። የላይኛው ወለል በታችኛው ላይ የሚወርደው እንዲህ ነው። እያፈረሳችሁ እያወረዳችሁ፣ ከታችም በፑንቴሎ ደግፋችሁ ሥሩ። ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጣ በረንዳ ሚዛኑን የሚጠብቀው ወደ ውስጥ በገባው ፌሮ ነው፤ የውስጡን መጀመሪያ ካፈረሳችሁት በረንዳው ከነቆመበት ሰው ይወርዳል። ፌሮ ለመሸጥ ሲባል ኮለን ከሥሩ መላጥ ራስን መግደል ነው። ኤክስካቫተር ከተከራያችሁ ክንዱ ከቤቱ አናት መድረሱን እዩ። ማሽን እየሠራ ፌሮና ቆርቆሮ ለመልቀም የሚገባ ሰው እንዳይኖር ዙሪያውን አጥሩ፣ ዘብ አቁሙ።

ርብራብ ስትሠሩ የምትሸከሙትን ሰው ቁጠሩ። መስከረም 21 ቀን 2018 በክልላችን በሰሜን ሸዋ፣ ምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ ማርያም ለግንባታ የቆመ የእንጨት ርብራብ በበዓል ቀን ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰው ሞተ፤ ብዙ ሰው ተጎዳ። ቤተ ክርስቲያን የምታፈርሱም የምትሠሩም አጥቢያዎች ይህን አትርሱ። ርብራቡ ለሠራተኛ ነው። በዓል ሲመጣ መግቢያው በእንጨት ይታጠር፣ መሰላሉ ይነሣ፣ ቅዳሴውና ማኅሌቱ ራቅ ባለ ድንኳን ይሁን። ከሣምንት በላይ ዝናብና ፀሐይ የመታውን የእንጨት ማሰሪያ ገመድና ሚስማር አናጢው ዳግመኛ ሳያየው ማንም አይውጣበት።

በደቦ ስታፈርሱ ጠላውና አረቄው ከሥራው በኋላ ይቅረብ። ይህን ማለት ለባለቤቷም ለባለቤቱም ይከብዳል፤ ለሥራ የመጣን ሰው ደረቁን ማዋል ነውር ይመስላል። ቂጣና ሻይ፣ በሶና ውኃ ይቅረብ፤ ጠላው ዲጅኖው ሲቀመጥ ይውጣ። ደቦ ሲደምቅ ወጣቱ እርስ በርሱ ይፎካከራል፤ ለአጨዳ መልካም ነው፣ ለጣሪያ ግን አይሆንም። ጣሪያ ላይ ከአራት ሰው በላይ አይውጣ። ሌላው ተቀባይና አመላላሽ ይሁን።

ልጆችን አርቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያሉትንም አደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራት አይፈቅድም። ሚስማር የሚለቅመው ልጅ ባይቀጠርም አደጋው ያው ነው። የሚለቀም ሚስማር ካለ ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ጫማ ባደረገ አዋቂ ይለቀም። የዛገ ሚስማር የወጋው ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ መንጋጋ ቆልፍ ከያዘ በኋላ ማዳን ከባድ ነው።

ለቀን ሠራተኛው ሄልሜት፣ ጓንትና ጠንካራ ጫማ ማቅረብ በዚሁ አዋጅ የአሠሪው ግዴታ ነው። በነጠላ አፍንጫን መሸፈን ከባዶ ይሻላል፤ ለድንጋይና ለሲሚንቶ አዋራ ግን አይበቃም፤ አዋራው ውስጥ ያለው ሲሊካ ሳንባን ቀስ በቀስ ያጠፋል። ፍርስራሹን ውኃ እየረጫችሁ አንሡ። የቆመውን የጭቃ ግድግዳ ግን አታርጥቡ፤ ጭቃው ሲረጥብ አቅም ያጣል። ግራጫ፣ ሞገድ ያለው፣ ከሲሚንቶ የተሠራ የሚመስል አሮጌ ክዳን ካገኛችሁ አትስበሩት፣ በመጋዝም አትቁረጡት፤ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል እርጥብ አድርጋችሁ ሙሉውን አውርዱት።

የጎረቤትን ግድግዳ ጠይቁ። የገበያ ከተሞቻችን ሱቆች አብዛኞቹ ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው፤ ግድግዳው የጋራ ሊሆን፣ የእሱ ወራጅ በእናንተ ግድግዳ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከሽማግሌ ጋር ሆናችሁ ውስጥ ገብታችሁ እዩ፤ ያለውን ስንጥቅ ሁለታችሁም ባላችሁበት ፎቶ አንሡ። ከዚያ በእሱ በኩል ድጋፍ አቁሙ። ሥራው ሲጀመር ጎረቤቱ ሰውም ዕቃም ከዚያ ክፍል ያውጣ። አስቀድሞ የተነጋገረ ጎረቤት በኋላ ፍርድ ቤት አይሄድም።

ክረምት ላይ አትጀምሩ። ከሰኔ እስከ መስከረም የረጠበ የጭቃ ግንብ የማይታመን ነው። ጥሩው ጊዜ መኸሩ ከገባ በኋላ ያለው በጋ ነው፤ ሰውም ያን ጊዜ ይገኛል። በጅምር የቀረ ማፍረስ ክረምት ከደረሰበት ግድግዳው ከሰው ቁመት በታች ሳይወርድ አይተው።

በፍርስራሹ ወይም በግቢው ውስጥ ጥይት፣ የሞርታር ወይም የቦምብ ቅሪት ካገኛችሁ አትንኩ፣ አታንቀሳቅሱ፣ ለልጅ አታሳዩ። ሥራውን አቁማችሁ፣ ቦታውን በሩቁ በድንጋይ ከባችሁ ለፖሊስ ወይም ለቀበሌው አስተዳደር ንገሩ። ጦርነት በዞረበት አገር የዛገ ነገር ሁሉ ያረጀ ነገር አይደለም።

ሰው ፍርስራሽ ሥር ከተቀበረ ሁላችሁም አንድ ላይ አትግቡ። በሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት በተንሸራተተ ጊዜ፣ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበው ሰው ሁለተኛው ናዳ ደርሶበት ነው የሟቹ ቁጥር ከ200 ያለፈው። የወደቀ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ገና ያልወደቀ ግድግዳ ከጎኑ ቆሟል። አዛዡ መጀመሪያ የቆመውን ይደግፍ ወይም ያስጥል፤ ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ ከዳር ጀምሮ በእጁ እያነሣ ይግባ። ሌላው ዝም ይበል፣ የተቀበረው ሰው ድምፅ እንዲሰማ። በዲጅኖና በአካፋ ጭንቅላት የሚመታው በዚህ ሰዓት ነው።

የሚጠቅመውን ለዩት። ወይራና ጥድ ከሆነ ወራጅና ቋሚው ሌላ ቤት ይሠራል፤ ሚስማሩ ተነቅሎ፣ መሬት ሳይነካ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ ይቀመጥ። ጭድ ያለበት አሮጌ ጭቃ ተፈጭቶ ለአዲስ ምርግ ይሆናል። ሲሚንቶና ብሎኬት ስብርባሪው ግን በጎርፍ መውረጃ ቦይ ወይም ወንዝ ዳር አይጣል፤ ክረምት ሲመጣ ቦዩ ይደፈንና ጎርፉ የጎረቤት ቤት ይገባል።

የመጨረሻው የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ነው። ቤቱ ሲፈርስ ጉድጓዱ ይረሳል፤ በአፈርና በቆርቆሮ ተሸፍኖ ይቀራል። የወደቀ ዕቃም ሆነ እንስሳ ለማውጣት ማንም ወደ ውስጥ አይውረድ፤ ውስጡ ያለው አየር መጥፎ ሽታ ባይኖረውም ሰውን ባንድ ትንፋሽ ይጥላል፣ ሊያወጣው የሚወርደውም ከጎኑ ይወድቃል። ከላይ ሆናችሁ ድንጋይና ጥጥር ሙሉበት፣ በየሜትሩ ጠቅጥቁት። የጉድጓዱንም አራት ማዕዘን በችካል ምልክት አድርጋችሁ፣ መሠረት ሊያወጣ ለሚመጣው ግንበኛ ቦታውን አሳዩት።